ማቆሚያው በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጋዜጣችሁ ላይ ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ የሚወጡ ጽሑፎችን እከታተላለሁ። አብዛኛዎቹ ስንት ታብሌት እንደተገዛ፣ ስንት ትምህርት ቤት ኢንተርኔት እንደገባለት የሚያወሩ ናቸው። እኔ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የዕቃው ብዛት ብዙም አያስደንቀኝም። የሚያሳስበኝ ዕቃው ክፍል ከገባ በኋላ ያለው ነው። መምህሩም ሆነ ተማሪው «ቆይ፣ እስቲ ይደገም» ማለት ይችላሉ ወይ?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ «ፕላዝማ» የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ እኔም ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይለቀቃል፤ አዲስ አበባ ያለውም ገጠር ያለውም ክፍል በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ላቦራቶሪ ደጃፍ ደርሶ ለማያውቅ ልጅ ሙከራ ሲሠራ በምስል ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሥርጭቱ ማንንም አለመጠበቁ ነው። የክፍሉ መምህር መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ማጠቃለያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠውና መሐሉን እንደ ተማሪዎቹ ቆሞ ይመለከታል። የፕላዝማው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ እኛ የጥያቄው ትርጉም ሳይገባን እሱ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ማንም ያልመለሰለትን መልስ አመስግኖ ያልፋል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሲገናኙ ዛሬም የሚስቁበት ቀልድ ነው። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት ሄደ ማለት ነበር።

ያኔ ፕላዝማን የሚነቅፉ ሰዎች «ቴክኖሎጂ መምህርን አይተካም» ይሉ ነበር። እኔ ነገሩን በዚህ በኩል አላየውም። መምህሩማ አልተተካም፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር። የተወሰደበት ትምህርቱን የማስቆም፣ የማዘግየትና ወደ ኋላ የመመለስ ሥልጣን ነው።

አሁን በእኔ ክፍል የሚሆነውን ልንገራችሁ። የአሥረኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ላቦራቶሪያችን የሚሰጠን ነገር የለም፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) የሚለካው አሚተር እንኳ ዝጓል። ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕና ከቢሮ ለምኜ የማገኘውን ፕሮጀክተር ይዤ እገባለሁ። ላፕቶፑ ላይ «ፌት» ከሚባለው በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሙከራዎች ስብስብ ያወረድኩት የሰርኪት መሥሪያ አለ። ስብስቡን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን ሲሆን፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም በነፃ ያቀርበዋል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ይኼ ነው።

አንድ ተማሪ ይወጣና ባትሪ ይጎትታል፣ ሽቦ ይቀጥላል፣ አምፖል ያስገባል። ኤሌክትሮኖቹ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆነው በሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ። ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ሲጨመር ነጠብጣቦቹ ይዘገያሉ፣ ብርሃኑም ይደክማል። እዚህ ላይ አቆመዋለሁ። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን በልቶ ለሁለተኛው ትራፊ የሚያስቀርለት ይመስለዋል፤ በቃል «አይደለም» ብትለው አንገቱን ይነቀንቅልህና ፈተና ላይ ያንኑ ይጽፋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን አሚተር ተማሪው ራሱ ከአምፖሎቹ በፊት፣ በመካከልና በኋላ እንዲያስገባ አደርጋለሁ። ሦስቱም ጋ ቁጥሩ አንድ ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዱ «ተበላሽቷል» ይላል፣ ሌላው እንደገና ይሞክራል። እኔ ዝም እላለሁ፣ ክርክሩ በአማርኛ ይቀጥላል፣ በመጨረሻ የእንግሊዝኛውን ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ የሚያገናኝ ጉደኛም አይጠፋም። ስክሪኑ ላይ እሳት ሲነሣ ሁሉም ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሾርት ሰርኪት የምጨምረው ብዙ የለኝም። መብራት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ትንሽ ያቆየናል፣ ካልሆነም ነገ ካቆምንበት እንጀምራለን።

ሶፍትዌሩ ከፕላዝማ ይበልጣል ለማለት አይደለም። ያንኑ የፕላዝማ ትምህርት በፍላሽ ቢሰጡን ኖሮ ብዙው ችግር ይቃለል ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም የጠቀመውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ዳታ ያለው ልጅ ያወርዳል፣ የሌለው በብሉቱዝ ይቀበላል፣ ማታ ደጋግሞ ያየዋል።

አሁን ግን በእጃችን ያለውን ነገር ራሳችን እየቆለፍንበት ነው። ሁለት ምሳሌ ላንሣ።

የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው ለሁሉም ስላልደረሱ ብዙ ተማሪ የሚያነበው በፒዲኤፍ ነው። እኛ መምህራን «ቴሌግራም ላይ አለ፣ አውርዱ» እንላለን። ያው ልጅ ጠዋት ስልኩን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ይነጠቃል፤ አንዳንዱ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይመለስለትም። ስልክ ክፍል ውስጥ እንደሚረብሽ አውቃለሁ፣ ቲክቶክ ከእኔ ይልቅ ይጥማል። ግን መጽሐፉን ስልክ ውስጥ አስገብተን ስልኩን መውረስ ምን ይባላል?

ሁለተኛው የኮምፒዩተር ክፍል ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮቹ አሉ፤ የአንዳንዶቹ ላስቲክ እንኳ አልተነሣም። በሩ ግን ይቆለፋል። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋን ክፉ አድርጌ እንዳልሥላት፤ የእሷም ፍርሃት ልክ ነው። ዕቃ የሚወጣው ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ተፈርሞ ነው፣ የፈረመ መምህር ደግሞ አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ማንም አይፈርምም፣ ዕቃውም «ሳይበላሽ» ያረጃል።

ይህ ድሮ ቢሆን እንለፈው እንል ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። አልቃወመውም፤ የወረቀት ፈተና ሲሰረቅና ሲሸጥ ያየን ነን። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንርሳ። ፈተናው ራሱ እንዲህ ከብዶ ሳለ፣ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ጥያቄ ዘልሎ መመለስን እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ ይማር ማለት ግፍ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ይህን ካነበቡ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ለማስተማር በወጣ ዕቃ ላይ በአገልግሎት ብዛት ለሚደርስ ብልሽት መምህሩ አይጠየቅ። በቴሌቪዥን የሚተላለፉት ትምህርቶች በትንሽ መጠን ተጨምቀው በምዕራፍ ተለይተው የሚወርዱ ይሁኑ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሞዴል ፈተናቸውን በእነዚያው በተቆለፉት ኮምፒዩተሮች ላይ ይውሰዱ። ከሦስቱ ቢያንስ ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ሰርኩላር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ