የባቦጋያ ዓሦች ነገር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትህ ሲያርፉ ሰምቼ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንተም ይቅር በለኝ።

ልጆች ሳለን አንድ የጥር ማለዳ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ወርደን ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፎ ያገኘነው ትዝ ይልሃል? ሰዉ «መርዝ ጨመሩበት» ሲል አንተ ምርር ብለህ አለቀስክ። አሁን የውሃ ጥራት መለካት እንጀራዬ ሆኗልና፣ ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት እዚያው ሐይቅ ላይ በጀልባ አደርኩ።

ድሮ የነበረን መለኪያ ውሃው ውስጥ የሟሟውን፣ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ራሱ እየበላ ነበር የሚለካው። በረጋ ውሃ ውስጥ ካላወዛወዝከው ቁጥሩ ያለአግባብ ይወርዳል፤ ካወዛወዝከው ደግሞ ልታውቀው የፈለግከውን ውሃ በጠበጥከው ማለት ነው። አዲሱ ግን በብርሃን ይሠራል። ጫፉ ላይ ቀለም የተቀባ ክዳን አለው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ቀይ ይፈካል፤ ኦክስጅን ሲነካው ጉልበቱን ይወስድበትና ቶሎ ይጠፋል። መሣሪያው ፍካቱ የቆየበትን ጊዜ በሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቆጥራል። ፍካቱ በረዘመ ቁጥር ውሃው ታፍኗል። ኦክስጅን ስለማይበላ ዝም ብለህ አንጠልጥለህ ትተወዋለህ፤ አልጌ እንዳይለብሰው ክዳኑን ማጽዳት ብቻ ነው።

ገመዱን ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ላይ ላዩ ደህና ነበር፤ ጠለቅ ሲል ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ገደሉ ነፋሱን ይከልለዋል፤ ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ የታፈነው ከታች ተኝቶ ይከርማል። የበጋው ብርዳም ሌሊት ላይኛውን ሲያቀዘቅዘው ይከብድና ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል፣ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ደግሞ ከፍታው አለ፦ በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሃ በባሕር ጠለል 9.1 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ ቢሾፍቱ ላይ ከ7 ብዙም አያልፍም። ዓሦቻችን ከመነሻው የሚተነፍሱት ከጥቂቱ ነው።

መርዝ ሳይኖር፣ ብርድ ብቻውን እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ያኔ ብነግርህ ምን ያህል ደስ ባለኝ!

ጥር ላይ ተመልሼ አድራለሁ። ና፤ አብረን እንደር። ገመዱን አንተ ትይዛለህ።

የማይረሳህ ወንድምህ