ቁልፉን ከመጫንህ በፊት

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል። ስለ ጉልበቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትናንት በስልክ «በቤቱ ያሉትን ያለ ገመድ የሚታዘዙ መሣሪያዎች ምዝገባ ሁሉ ደምስሼ ከዜሮ ልጀምር ነው» ስትለኝ ምሬትህ ገብቶኛል። መብራቱ ማብሪያውን ከነካህ ከብዙ ቆይታ በኋላ ይበራል፤ የበሩ መቆለፊያ አንዴ ይታዘዛል፣ አንዴ አይሰማም። ብትሰለች አይፈረድብህም። ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ሳታነብ መሣሪያዎቹን ሁሉ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ አትንካብኝ።

እኔም አንድ ምሽት ተሰላችቼ ደመሰስኩት። የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከስክሪኑ ላይ ሲጠፋ እፎይ ብዬ ተኛሁ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር መቆጣጠሪያው መሣሪያዎቹን ቢረሳም እነርሱ እርሱን አለመርሳታቸው ነው። በዚዌቭ፣ ማለትም መሣሪያዎቹና መቆጣጠሪያው በሬዲዮ በሚነጋገሩበት ስልት፣ እያንዳንዱ ኔትወርክ የራሱ ባለ 32 ቢት መለያ አለው፤ የሚመዘገብ መሣሪያም ያንን መለያ ይዞ ይቀመጣል። መቆጣጠሪያው ሲደመሰስ አዲስ መለያ ያወጣል፤ ማብሪያው፣ ሶኬቱና ዳሳሹ ግን አሮጌውን እንደያዙ ይቀራሉ። አዲሱ ሊመዘግባቸው ቢሞክር የሌላ ቤት ንብረት ናቸውና እሺ አይሉም።

በዚያው ሌሊት አባትህ ውሃ ሊጠጣ ተነሳ። ሰው ሲያልፍ በዳሳሽ ይበራ የነበረው የኮሪደሩ መብራት አልበራም። ግድግዳውን እየዳበሰ ሲሄድ ከወንበር ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። «ደረጃ ላይ አዳለጠው» ብለን የነገርንህ ያ ጉልበት ይኸው ነው። እውነቱን እስከ ዛሬ ስላልነገርኩህ ይቅር በለኝ።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ መደምሰሱ በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ መርምር። አምና ተበላሹ ብለህ የጣልካቸውን ሁለት ሶኬቶች ከዝርዝሩ አስወጥተሃቸው ነበር? ካላስወጣሃቸው መቆጣጠሪያው ዛሬም እየፈለጋቸው ነው፤ የሌሉትን እየጠራ መልስ ሲጠብቅ ያሉት ወረፋ ይይዛሉ። ለመዘግየቱ ሁሉ ምክንያቱ ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል። የማይመልሱ መሣሪያዎችን ለይቶ የሚሰርዝ ትእዛዝ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ታገኛለህ። እርሱን ሞክርና ጥቂት ቀን ጠብቅ።

ካልተሻለው ግን አፍርሰህ ሥራው፤ አልከለክልህም። ብቻ በቅደም ተከተል ይሁን። መቆጣጠሪያው ገና ሳይደመሰስ የማስወጫ ትእዛዙን ክፈትና እያንዳንዱን መሣሪያ በየቦታው ሄደህ ቁልፉን እየተጫንክ አሰናብተው። በባትሪ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ናቸውና ቀስቅሳቸው፤ ካልቀሰቀስካቸው አይሰሙህም። የሁሉንም ስም በወረቀት ጻፍ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የነበረውን የውሃ ዳሳሽ ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። አንዱን ብትረሳ እንኳ አትደንግጥ፤ በዚዌቭ የትኛውም መቆጣጠሪያ የሌላውን ኔትወርክ መሣሪያ ማስወጣት ይችላል። እኔንም ያዳነኝ ይኸው ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ተሸክሜ ብዞርም።

ስትመልሳቸው በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን አስቀድም፤ ለመቆጣጠሪያው ከሚቀርበው ጀምረህ ወደ ሩቁ ሂድ። የሌላውን መልእክት ተቀብለው የሚያሳልፉት እነርሱ ናቸው፤ ባለ ባትሪዎቹ ይህን አያደርጉም። አንድ መልእክት መሸጋገር የሚችለው ደግሞ ቢበዛ በ4 መሣሪያ ነው። ጠረጴዛ ላይ ደርድረህ መዝግበህ ከዚያ አትበትናቸው፤ በሚኖሩበት ቦታ ሆነው ጎረቤታቸውን ይወቁ። የበሩ መቆለፊያ ሲመዘገብ የሚጠይቅህ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ከላዩ ወይም ከካርቶኑ ላይ አለ፤ ካርቶኑን እንዳትጥለው።

አምፖሎችህ በዚግቢ፣ ማለትም በሌላ ዓይነት የሬዲዮ መነጋገሪያ ስልት፣ የሚሠሩ ከሆኑ ከዋይፋይ ጋር በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይጋፋሉ። የመጀመሪያውን አምፖል ከመመዝገብህ በፊት ቻናሉን፣ ማለትም የሚነጋገሩበትን የሞገድ መስመር፣ ምረጥ፤ ዋይፋይህ በቻናል 1 ላይ ከሆነ ዚግቢውን ቻናል 20 ላይ አድርገው። በኋላ ብትቀይረው የሚጠፉ አይታጡም። ራውተሩንም የምትደመስስ ከሆነ የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል መልሰህ ስጠው፤ በዋይፋይ የሚሠሩት በራሳቸው ይመለሳሉ።

በማለዳ ጀምር፤ ማታ አትሞክረው። የበሩን የብረት ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ያዝ። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ ተራ የሌሊት መብራት አድርጌያለሁ፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ ማንንም አይጠብቅም። ሥራውን ሳትጀምር አንድ እንዲህ ያለ መብራት ከልጅህ ክፍል በር አጠገብ ስካ። ሌሊት እየተነሳች ወደ እናንተ ክፍል እንደምትመጣ ነግረኸኛል።

እናትህ