ዋንጫ አምጥቶ የተሰናበተው አሰልጣኝ፦ ከአንድ የቶተንሃም ደጋፊ

ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የቶተንሃም ደጋፊ ነኝ። አዎ፣ አዲስ አበባ ውስጥም አለን። በአርሴናልና በማንቸስተር ደጋፊ መሃል ተሸጉጠን ስለምንኖር ድምፃችን ብዙ አይሰማም እንጂ አለን።

ስለ አሰልጣኛችን አንጅ ፖስቴኮግሉ ስንብት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊያችሁ ነገሩን "ግፍ" ይለዋል። 17 ዓመት ዋንጫ ሳያይ የኖረ ክለብ፣ ዋንጫ ያመጣለትን ሰው በ16ኛው ቀን እንዴት ያሰናብታል ነው ክርክሩ። ስሜቱ ይገባኛል። ቢልባኦ ላይ አምበላችን ሶን የዩሮፓ ሊግ ዋንጫውን ሲያነሳ እንባዬ የመጣ ሰው ነኝና ስለ አንጅ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ግን ግፍ አይደለም። መሰናበቱ ተገቢ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ጸሐፊያችሁ ጭራሽ አልነካውም።

መጀመሪያ ሊጉን እንይ። ቶተንሃም 17ኛ ነው የጨረሰው። ከ38 ጨዋታ 22ቱን ተሸንፎ። ፕሪሚየር ሊጉ በ38 ጨዋታ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ይህን ያህል ተሸንፎ ያልወረደ ቡድን አልነበረም። እኛም ብንሆን የተረፍነው ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን ከኛ የባሱ ስለነበሩ ነው። 18ኛ የወጣው ሌስተር 25 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ እኛ 38። በሌላ ዓመት ቢሆን ሚያዝያ ላይ የምናወራው ስለ ዩሮፓ ሊግ ሳይሆን ስለ ወራጅ ቀጠና ነበር። የሚገርመው ከነዚህ ከወረዱት ሁለቱ፣ ኢፕስዊችና ሌስተር፣ ሜዳችን ድረስ መጥተው 2 ለ 1 አሸንፈውናል። ኢፕስዊች ካሸነፈን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ኢቲሃድ ሄደን ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 0 ቀጣነው። ይህን ቡድን መደገፍ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ይገባችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ክለቡ ባወጣው መግለጫ ላይ አንድ ቁጥር አለ። ከመጨረሻዎቹ 66 የሊግ ጨዋታዎች የተገኘው ነጥብ 78 ነው ይላል። ብዙ ሰው ይህን የቁጥር ጨዋታ ብሎ አጣጣለው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹን 10 ጨዋታዎች ቆርጦ አውጥቷል። እውነት ነው፣ አውጥቷል። በነዚያ 10 ጨዋታዎች 26 ነጥብ ሰብስበን የሊጉ መሪ ነበርን፣ እኔም ሰፈር ውስጥ ደረቴን ነፍቼ የሄድኩት ያኔ ብቻ ነው። ግን 66 ጨዋታ እኮ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሒሳቡን በ38 ጨዋታ ብንመታው 45 ነጥብ አካባቢ ይመጣል። ለሁለት ወር ተኩል ጥሩ የነበረን ሥራ ይዘህ ሁለት ዓመት አትከራከርም።

ጉዳት ነበር ትሉኛላችሁ። ነበር። ቫን ደ ቬን፣ ሮሜሮ፣ ቪካሪዮ፣ ኡዶጊ አንድ በአንድ ወጥተው የ18 ዓመቱ አማካይ አርቺ ግሬይ የመሃል ተከላካይ ሆኖ ሳምንት ከሳምንት የተጫወተበትን ጊዜ አልረሳሁም። ልጁ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ይሁን እንጂ ያን ያህል ጡንቻ በአንድ ቡድን ውስጥ የሚበጠሰው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ተከላካዮቹን ሜዳው አጋማሽ ላይ አቁሞ ከኋላቸው 50 ሜትር ክፍት ትቶ፣ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ወደ ኋላ ሩጡ የሚል አጨዋወት በሐሙስና በእሁድ ሲደጋገም እግር ይጨርሳል። 2023 ላይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከቼልሲ ጋር በ9 ሰው ቀርተን እንኳን አንጅ የተከላካይ መስመሩን አልለቅም ብሎ 4 ለ 1 ስንሸነፍ አጨብጭበናል። ጀግንነት መስሎን ነበር። ያን ቀን በጣም አምሮብን እንደነበር አሁንም አልክድም።

አሁን ወደ ፍጻሜው ልምጣ፣ ምክንያቱም የክርክሩ እምብርት እዚያ ነው።

ግንቦት 13 ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሏል። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ገሚሱን ይዟል፣ ቀሪው አርሴናል ነው፣ አርሴናሎቹ ደግሞ ለዚያች ምሽት ሁሉም ማንቸስተር ሆነዋል። እኛ ጥግ ላይ ነን። በ42ኛው ደቂቃ ጎሏ ስትገባ ማን እንዳገባት እንኳን አልታወቀም፤ ብሬናን ጆንሰን ነካት፣ ሉክ ሾው ነካት፣ ብቻ ገባች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የእግር ኳስ ሰው ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ቶተንሃም ኳሱን ተወው። አንድ ሙሉ አጋማሽ ከራሱ ሳጥን ፊት ቆሞ ተከላከለ። በረኛችን ቪካሪዮ ወጥቶ ኳሷን ስቷት የዩናይትዱ ሆይሉንድ በጭንቅላቱ ሲመታ አጠገቤ ያለው ሰው ሁለት እጁን አንስቶ "ጎል!" ብሎ ጨርሷል። ቫን ደ ቬን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በአየር ላይ ተገልብጦ ከመስመሩ ላይ አወጣት። ሰውየው እጁን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ።

ያ ዋንጫ የመጣው አንጅ የራሱን እግር ኳስ ትቶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ "እኛ እንዲህ ነን፣ አንለወጥም" ሲለን የነበረው ሰው ተለወጠና አሸነፈ። ይህ ሁለት መልስ አለው። አንዱ፣ ሰውየው መለወጥ ይችላልና ሦስተኛ ዓመት ይሰጠው የሚል ነው። ሌላው፣ መለወጥ ከቻለ ለምን 22 ጨዋታ እስክንሸነፍ ጠበቀ የሚል። እኔ ሁለተኛው ያሸንፈኛል። ደግሞ ከፍጻሜው በኋላ በሊጉ የመጨረሻ ቀን ሜዳችን ላይ ብራይተን 4 ለ 1 አሸነፈን። በዋንጫ ደስታ ውስጥ ስለነበርን ማንም አላስተዋለውም። ዋንጫው በሕዝብ ፊት በታየ ቀን አንጅ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁለተኛው ይሻላል ብሎ ሲቀልድ ሕዝቡ ጮኸለት። እኔም ስቄያለሁ። ግን የሁለተኛውን ምዕራፍ የሊግ ክፍል እያንዳንዱን ሳምንት አይቻለሁና ሦስተኛውን ለማየት አንጀት አልነበረኝም።

እስካሁን ከቦርዱ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን አይደለሁም።

ጸሐፊያችሁ ይህ ስንብት አዲስ ነገር የሆነ ያህል ተገርሟል። የክለቡን ታሪክ ገለጥ ቢያደርግ አይገርመውም ነበር። በ1984 የዩኤፋ ዋንጫን ያመጣው ኪት በርኪንሾ ዋንጫውን ባነሳ ማግስት ሄደ። በ1999 የሊግ ዋንጫ ያመጣው ጆርጅ ግርሃም በ2001 ተባረረ። በ2008 ሁዋንዴ ራሞስ በየካቲት ዋንጫ አነሳ፣ በጥቅምት በ8 ጨዋታ 2 ነጥብ ይዞ ተሸኘ። አንዳንዱ በራሱ ጥፋት ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ሞሪንሆ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ 6 ቀን ሲቀረው አባረሩትና የ29 ዓመት ልጅ ራያን ሜሰን ቡድኑን ይዞ ዌምብሌይ ገባ። ተሸነፍን።

ዋናው በሽታ ማባረሩ ሳይሆን ከማባረሩ በኋላ ያለው ምርጫ ነው። እስከ 2019 የቆየው ፖቼቲኖ የሠራው ወጣትና የሚሯሯጥ ቡድን ነበር። በማግስቱ ሞሪንሆ መጣ፣ ተከላከሉ አለ። ኑኖ መጣ፣ በ10 የሊግ ጨዋታ ሄደ። ኮንቴ መጣ፣ ሦስት ተከላካይና ሁለት ክንፍ ካልገዛችሁ አለ፣ ገዙለት፣ እሱም ተናዶ ሄደ። ከዚያ ፍጹም ተቃራኒው አንጅ መጣ። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ያስገዛል፣ ቀጣዩ ደግሞ "እነዚህ የኔ አይደሉም" ይላል። በዚህ ሁሉ መሃል ያልተለወጠ አንድ ሰው ነበር፦ ከ2001 ጀምሮ ሊቀመንበር የነበረው ዳንኤል ሌቪ። ስታዲየሙን እናመሰግናለን። ያምራል፣ 62 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፣ ቦክስና የአሜሪካ እግር ኳስ ሁሉ ይስተናገድበታል፣ ገንዘብ ይዛቃል። ግን ከዚያ ገቢ ለተጫዋች ደመወዝ የሚወጣው ድርሻ ከሊጉ ዝቅተኞቹ ተርታ ነው። ደጋፊው ሌቪ ይውጣ ብሎ ሰልፍ ሲወጣ የነበረው ለዚህ ነው፣ አሰልጣኝ አላማረኝም ብሎ አይደለም።

ታዲያ ከዚህ ሰኔ (በእኛ 2017 ዓ.ም.) ወዲያ ምን ይጠብቀናል? እስከማውቀው ከባድ ነው ግን ጨለማ አይደለም። ቡድኑ ወጣት ነው። ቫን ደ ቬን፣ ኡዶጊ፣ ሳር፣ በርግቫል፣ ግሬይ፣ ትልቁ ገና 24 ዓመቱ ነው። ቻምፒየንስ ሊግ ገብተናል፣ ይህም ገንዘብ ነው፣ ተጫዋች ለማሳመንም ይረዳል። በሌላ በኩል ኩሉሴቭስኪ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ለወራት የለም፣ ሶንም በዚህ ክረምት 33 ይሞላዋል፣ እግሩ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ለማየት የሚወደው ሰው መሆን ይበቃል። አዲሱ አሰልጣኝ ማንም ይሁን ማን የመጀመሪያ የውድድር ጨዋታው ነሐሴ 7 ኡዲኔ ላይ ነው፣ የአውሮፓ ሱፐር ካፕ፣ ተጋጣሚው ፒኤስጂ። ኢንተርን በፍጻሜ 5 ለ 0 የደቆሰው ፒኤስጂ። እንኳን ደህና መጣህ ማለት እንዲህ ነው።

ስሙ በብዛት የሚነሳው የብሬንትፎርዱ ቶማስ ፍራንክ ነው። ከሆነ ደስ ይለኛል። አጥቂው ኢቫን ቶኒ ተሽጦበት "አለቀለት" ሲባል ዘንድሮ ምቤሞ 20፣ ዊሳ 19 የሊግ ጎል አገቡለት፣ ቡድኑም 10ኛ ወጣ። እንደ ተጋጣሚው አይቶ ሦስትም አራትም ተከላካይ ያሰልፋል፣ ከቆመ ኳስና ከእጅ ውርወራ ጎል ያገኛል፣ ባለው ሰው ይሠራል። እኛን የጎደለን ይህ ነው። ስጋቴ ሁለት ነው። ብሬንትፎርድን ይዞ በአውሮፓ አልተጫወተም፣ ስለዚህ ማክሰኞ ተጫውቶ ቅዳሜ መድገም ምን እንደሚያደርግ የሚያየው እኛ ጋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብሬንትፎርድ ላይ ከኋላው ሐሳቡ የሚገጣጠም አመራር ነበረው፤ ማን ይገዛ፣ ማን ይሸጥ የሚለው ቀድሞ የተጠና ነበር። እኛ ጋ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው ሩጫው።

ስለዚህ እሱ ከመጣ እስከ ገና በውጤቱ አትፍረዱበት፣ እኔም አልፈርድም። በክረምቱ ስንት ተጫዋች እንደተገዛለት፣ እነማን እንደሆኑና መቼ እንደደረሱ ግን እዩ። ሁለት አማካይና አንድ አጥቂ ከሐምሌ በፊት ገብተው ካየሁ አንድ ነገር ተለውጧል እላለሁ። በመጨረሻው ቀን ውሰት ተይዞ ከመጣ ደግሞ ለሚቀጥለው ስንብት ጽሑፋችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ፤ በዚያኛው ግን አሰልጣኙን ብቻ ሳይሆን ሊቀመንበሩንም ጨምሩበት።

ደረጃችንን በተመለከተ እኔ 8ኛ ብያለሁ። ዲኤስቲቪ ቤት ያሉት አርሴናሎች 14ኛ ብለው በማኪያቶ አስይዘዋል። ጸሐፊያችሁም የራሱን ግምት በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፣ እንይዝበታለን።

አክባሪያችሁ፣
የቶተንሃም ደጋፊ፣ ከአዲስ አበባ
ሰኔ 2017