ቀኑ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው

ሰላም ነሽ ሆዴ?

መልእክትሽን አነበብኩት። ፔሬድሽ አምስት ቀን ዘግይቶ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አጥተሽ መክረምሽን ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን "አፑ እኮ 18ኛውን ቀን ሴፍ ነው ብሎኝ ነበር" ያልሽው ነው፤ ፔሬድሽን የምትመዘግቢበት የስልክሽ አፕ በዚያ ቀን አታረግዢም ብሎሽ ነበር ማለት ነው። በስልክ ባወራሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ። ቁጥር ያለበት ነገር በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

አፑን አጥፊው አልልሽም። ቀን ለመመዝገብ ጥሩ ነው። ግን አፑ የሚያውቀው አንቺ የነገርሽውን ብቻ ነው። ፔሬድሽ የመጣበትን ቀን ታስገቢያለሽ፣ እሱ ያለፉትን ወራት አማካይ አውጥቶ የሚቀጥለውን ይገምታል። አንዱን ቀን በቀለም ለይቶ ሲያሳይሽ ሰውነትሽ ውስጥ ያለውን አይቶ አይደለም። በዚህ ወር ምን እንደገጠመሽም አያውቅም።

አቆጣጠሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። 1ኛው ቀን ደም በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጠብ የምትል ቡናማ ነገር ካለች አትቁጠሪያት። ዑደት የሚባለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው፤ የሚያበቃውም የሚቀጥለው ፔሬድ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ብዙ ሴቶች ደሙ ከቆመበት ቀን ይጀምራሉ። እንደዚያ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ሁሉ ይዛነፋል።

ዑደት 28 ቀን ነው የሚባለውንም እንደ ሕግ አትያዢው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። ገና ማየት የጀመሩ ልጆች ላይ እስከ 45 ቀንም ሊሄድ ይችላል። ያንቺው ራሱ ከወር ወር ጥቂት ቀን ወዲህ ወዲያ ቢል ምንም አይደለም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። ዑደቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ እና ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ። የኋለኛው ብዙም አይለዋወጥም፣ ወደ 14 ቀን ገደማ ነው። የፊተኛው ግን ያጥራል፣ ይረዝማል። ስለዚህ እንቁላል የወጣበት ቀን የሚገኘው ከሚቀጥለው ፔሬድ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። "14ኛው ቀን ላይ ነው" የሚባለው የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። 24 ቀን ለሆነባት ወደ 10ኛው ቀን ይመጣል፣ 35 ለሆነባት ወደ 21ኛው ይሄዳል። ይህን የደረሱበት ጃፓናዊው ዶክተር ኪዩሳኩ ኦጊኖ እና ኦስትሪያዊው ኸርማን ክናውስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ሁለቱም በየፊናቸው።

የወጣ እንቁላል ቢበዛ 24 ሰዓት ነው የሚቆየው። የወንድ ዘር ግን ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ለእርግዝና ምቹ የሆኑት ቀናት ስድስት የሚሆኑት፤ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀን እና ከሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት።

እስቲ ያንቺን እንየው። ብዙውን ጊዜ 29 ቀን ነው ብለሽኛል። አፑ 14 ሲቀንስ 15ኛው ቀን ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ያለውን ቀለም ቀብቶ 18ኛውን ሴፍ ብሎ አለፈው። ግን በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ትኩሳት ይዞሽ አልጋ ላይ ነበርሽ፣ አይደል? ሕመም፣ ጭንቀት፣ ረጅም ጉዞ፣ በአንዴ ብዙ መክሳት፣ እነዚህ ሁሉ እንቁላሉን ሊያዘገዩት ይችላሉ። ፔሬዱ ዘገየ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ስለዘገየ ነው። በ34 ቀን ስለመጣ እንቁላሉ የወጣው ወደ 20ኛው ቀን ገደማ ነበር ማለት ነው። ምቹዎቹ ቀናት ከ15 እስከ 20 ተሸጋግረዋል። 18ኛው መሐሉ ላይ ነው፣ ልጄ። ይህን ደግሞ ፔሬዱ ከመጣ በኋላ ካልሆነ አፑ ሊያውቀው አይችልም ነበር።

በቀን መቁጠሪያ ብቻ ማስላት ከፈለግሽ የድሮው ስሌት ይሻላል። ቢያንስ የ6 ወር መዝገብ ይፈልጋል። ከሁሉ ካጠረው ዑደት 18 ትቀንሻለሽ፣ ያ የመጀመሪያው ምቹ ቀን ነው። ከሁሉ ከረዘመው 11 ትቀንሻለሽ፣ ያ የመጨረሻው ነው። አጭሩ 27፣ ረጅሙ 34 ቢሆን ከ9ኛው እስከ 23ኛው ቀን ይሆናል። ሰፋ፣ አውቃለሁ። ግን 18ኛውን ቀን አያልፈውም ነበር።

ሰውነትሽም የሚነግርሽ ነገር አለ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ይህን አምናለሁ። ደሙ ከቆመ በኋላ የተወሰኑ ቀናት ደረቅ ትሆኛለሽ። ከዚያ ነጣ ያለና ወፈር ያለ ፈሳሽ ይመጣል። እንቁላል ሊወጣ ሲቃረብ ፈሳሹ ይጠራል፣ ይንሸራተታል፣ ልክ እንደ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ይሆናል። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሐል አድርገሽ ቀስ ብለሽ ብትለያያቸው ሳይበጠስ እንደ ክር ይሳባል። ያ ሲሆን ምቹዎቹ ቀናት ላይ ነሽ፣ አፑ ያለው ምንም ይሁን ምን። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይወፍራል ወይም ይጠፋል። አይተሽ ማታ ማታ አንድ ቃል ጻፊ፤ ደረቅ፣ ወፍራም፣ የሚሳብ። በቃ።

የሙቀት መለኪያም አለ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጪ፣ ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት ትለኪያለሽ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ሙቀትሽ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ መለኪያ ያስፈልግሻል። ከፍ እንዳለ ሦስት ቀን ከቆየ እንቁላሉ ወጥቶ አልፏል ማለት ነው። የሚነግርሽ ካለፈ በኋላ ነው፣ አስቀድሞ አይደለም። ትኩሳት ካለብሽም አይሠራም። በሽንት የሚታየው የሆርሞን ምርመራ ግን ከ24 እስከ 36 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠቁማል። ልጅ ስትፈልጉ ያኔ ይጠቅማችኋል።

አሁን ግን እናንተ መቆየት ነው የፈለጋችሁት። እንግዲያው በግልጽ ልንገርሽ፤ በእነዚህ መንገዶች ብቻ ከሚጠቀሙ 100 ሴቶች፣ እንደ ዘዴውና እንደ አጠቃቀማቸው፣ በዓመት ውስጥ ከ2 እስከ 23 የሚሆኑት ያረግዛሉ። ክፍተቱ እንዴት ሰፊ እንደሆነ እይው። እርግዝናው አሁን ፈጽሞ እንዳይመጣ ከፈለጋችሁ ሐኪም አማክሩና ሌላ መከላከያ ምረጡ። ኪኒን ከጀመርሽ ደግሞ የአፑን ምቹ ቀናት እርሺው፤ ያኔ የሚመጣው ደም የመድኃኒቱ ነው እንጂ የተፈጥሮው ዑደት አይደለም። ድንገተኛ መከላከያ ከወሰድሽም ቀኑ ሊዛነፍ ይችላል። ይህን ሁሉ ባልሽም ያንብበው። የሁለታችሁም ጉዳይ ነውና ሒሳቡን ላንቺ ብቻ አይተው።

መመዝገቡ ግን ለሌላም ይጠቅምሻል። ሦስት ወር ሳይመጣ ከቀረ፣ በተደጋጋሚ ከ21 ቀን ካጠረ ወይም ከ35 ካለፈ፣ ደሙ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ፣ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ፣ በመሐል ደም ካየሽ፣ ሕመሙ ከአልጋ ካላስነሳሽ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። "የሴት ነገር ነው፣ ያልፋል" ብለሽ እንዳትቀመጪ። ስትሄጂ መዝገቡን ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የመጨረሻው ፔሬድሽ መቼ እንደጀመረ ነው።

አሁን አፑን ክፈቺና ያለፉትን ስድስት ዑደቶች ርዝመት ጽፈሽ ላኪልኝ። አጭሩንና ረጅሙን አብረን እናወጣለን። ስልክሽንም በይለፍ ቃል ዝጊው፤ ይህ መረጃ ያንቺ ብቻ ነው። እስክንነጋገር ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ፣ አፑ ሴፍ ባለው ቀንም ቢሆን።

እናትሽ