በቃል ይዘውታል፣ በእጅ ግን ይቀራቸዋል፦ የድጋፍ ጥሪ ከሐዋሳ

አምና የቀይ መስቀል ወጣቶች ክበባችን በተወዳደረበት ጥያቄና መልስ ላይ አንዲት ልጃችን ሰባቱን የቀይ መስቀል መርሆች በአንድ ትንፋሽ ጠራቻቸው። ሰብዓዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኛነት፣ ነጻነት፣ በጎ ፈቃደኝነት፣ አንድነት፣ ዓለም አቀፋዊነት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳኛው ግን ገና አልጨረሱም። "ጎረቤትሽ በፈላ ውሃ ቢቃጠል መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" ዝም አለች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ጫማዬን አየሁ። ያንን ያላስተማርኳት እኔ ነኛ።

ሦስተኛ ወጣን። ልጆቹ አለቀሱ፣ ወላጆች "አይዟችሁ" አሉ፣ ነገሩም ተረሳ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌላ ፈተና መጣ፤ ይኼኛው ዳኛ የለውም።

ያቺው ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ከትምህርት ቤት ስትመለስ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ባጃጅ ይገለበጣል። ሾፌሩ ደህና ነው። ተሳፋሪዋን ግን መስታወት ክንዷን ቆርጧት ደሟ ይንዠቀዠቃል። ሰው ከበበ። አንድ አዛውንት ከቡና ጠጪዎቹ መሃል ተነስተው እፍኝ የተወቀጠ ቡና ይዘው መጡ።

"አባባ፣ ቡናውን አያድርጉባት!" አለቻቸው።

"አንቺ ልጅ፣ እኛ ያደግነው በዚሁ ነው።"

እውነታቸውን ነው። በየቤታችን ስንቱ ቁስል ቡና ተነስንሶበታል። ልጅቷ ግን የዩኒፎርሟን ሹራብ አውልቃ ቁስሉ ላይ ጫነች። እስከዚህ ድረስ ጎሽ የሚያሰኝ ነው። ችግሩ፣ "ቆመ ይሆን?" እያለች በየደቂቃው ገለጥ አድርጋ ታየው ነበር። በገለጠች ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም እንደገና ይፈሳል።

ሴትየዋ ሐኪም ቤት ደርሳ ተሰፋላት፤ ዛሬ ደህና ናት። ልጅቷ ቅዳሜ ክበብ መጥታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "ጋሼ፣ መግለጥ ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም?" አለችኝ። አልነበረብሽም አልኳት። ጨርቁ በደም ቢርስ ሌላ ጨርቅ ከላይ ይደረባል እንጂ የመጀመሪያው አይነሳም። "ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

ይህን ጥሪ የሚያስጽፈኝ ያ ጥያቄዋ ነው።

የሰፈራችን የቀይ መስቀል ወጣቶች ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ወንበር ማንሳት ግን አለው። ዘንድሮ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ 28 ልጆች ለጥያቄና መልስ ውድድሩ እያዘጋጀን ነው። ውድድሩ ሚያዝያ 30፣ የዓለም ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ቀን ላይ ነው። ቀኑ የተመረጠው በድርጅቱ ጠንሳሽ በሄንሪ ዱናን ልደት ነው። ልጆቹ የሚጠየቁት ስለ ራሳቸው ክበብ ነው። ከየት መጣ? በምን መርህ ይመራል? አርማው ምን ማለት ነው? አባሉስ ምን ማድረግ መቻል አለበት?

የአምናው ስህተታችን የመጨረሻውን ጥያቄ መዝለላችን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱንም ቢሆን ያስተማርነው እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው። ዘንድሮ መንገዱን ቀይረናል።

ታሪኩን ልውሰድላችሁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ነው። በፈረንጅ 1935 መሆኑ ነው። አምና አንድ ልጅ "1935" ብሎ መለሰና ነጥብ አጣ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ዳኞቹን ተቀይሜ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር 1935 ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ማኅበሩን እዚያ ካስቀመጥከው ታሪኩ ትርጉም ያጣል። የተመሠረተው ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል ነው፤ ወረራው የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ማኅበሩ ገና ሳይጠና የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድ፣ የሆላንድና የግብፅ የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን ገቡ። በታኅሣሥ 1928 መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ እጁን አወጣና፣ "አርማው እየታያቸው?" አለ። አዎ፣ እየታያቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ 1927ን የሳተ ልጅ የለም።

ስለ አርማው ካነሳን፣ አንድ ቅዳሜ ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ በእግር ወሰድናቸው። የቤት ሥራው ቀላል ነበር። ቀይ መስቀል የተሳለበትን ቦታ ሁሉ ቁጠሩ፣ መብቱ ያለውንና የሌለውን ለዩ። አርማው በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፤ ማንም ደስ ስላለው አይስለውም። ልጆቹ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ጣታቸው አለቀ። መድኃኒት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የመኪና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ ሌላው ቀርቶ የአንድ ሱቅ መጋረጃ። አንዷ ገብታ ባለሱቁን ልትመክር ስትል በስንት መከራ ያዝናት።

መርሆቹ ላይ ደግሞ ልጆቹን ሁሌ የሚያምታቷቸው ሁለት አሉ፤ አለማዳላትና ገለልተኛነት። ትልልቆቹም ቢሆን አንድ ይመስሏቸዋል። ብዙ ከደከምን በኋላ የገባቸው በኳስ ነው። ሐዋሳ ከነማና ሲዳማ ቡና ይጫወታሉ እንበል። አንተ የክበቡን ሰደርያ ለብሰህ ስታዲየም በር ላይ ቆመሃል። የልብህን ክለብ ስካርፍ አንገትህ ላይ አትጠመጥምም፣ አብረህ አትዘፍንም። ይህ ገለልተኛነት ነው። ግፊያ ተነስቶ ሁለት ደጋፊ ወደቁ። አንዱ የእጁ ቆዳ ተልጧል፣ ሌላው ራሱን ስቷል። የማንም ደጋፊ ይሁን ወደ ሳተው ትሮጣለህ። ይህ አለማዳላት ነው። አንድ ቀንደኛ የከነማ ደጋፊ ልጅ አለን፤ "ገለልተኛነቱ ይከብደኛል፣ አለማዳላቱን ግን እችላለሁ" አለ። ከመጽሐፍ ከተገለበጠ ትርጓሜ ሁሉ ይሄ በልጦብኛል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። ገንዘብ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

አንዲት በጎ ፈቃደኛ ነርስ በየሳምንቱ እየመጣች ታስተምርልናለች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ልጆቹን በየቤታቸው የሚደረገውን ማስጻፍ ነው። የመጣውን ዝርዝር ብታዩ ራሳችሁን ታገኙበታላችሁ። ለተቃጠለ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና። ለነስር ቀና ማለት። የሚጥል በሽታ ለጣለው ሰው አፍንጫ ስር ክብሪት መጫር። ይሄ የመጨረሻው በሁሉም ወረቀት ላይ ነበር። ነርሷ ማንንም አልሳቀችበትም። አንድ በአንድ ወሰደችው። ቃጠሎ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፣ 20 ደቂቃ ያህል፤ ሊጡ ለዳቦ ይቅር። ነስር የያዘው ሰው ጎንበስ ይልና የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ይቆነጥጣል። የሚጥል በሽታ የያዘውን ክብሪት አይረዳውም፣ አፉ ውስጥም ማንኪያ አይገባም። ከጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ይደረጋል፣ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ይተኛል፣ ሰዓት ይታያል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ከ28ቱ ልጆች ስንቱ እንደሚያውቅ አልነግራችሁም፤ አፍሬ ነው።

ሐይቁም አለ። አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ ልጅ ሁሉ ዋና የሚችል ይመስለዋል፣ ጓደኛው ሲሰምጥ ዘሎ ይገባል፣ ሁለት ሰው ይጠፋል። እኛ የምናስተምረው ላለመግባት ነው። ዘንግ አቀብል። ዘንግ ከሌለ ገመድ የታሰረበት ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውር። ትልቅ ሰው ጥራ። ባለፈው በደረቅ ሜዳ ላይ ጀሪካን ሲወራወሩ ያየ አንድ የአሣ አስጋሪ፣ "ይኼ አወራወር ጀልባ ላይም አይደርስ" ብሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራወር አስተማራቸው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

የሚቸግረን ደረት መጫን ላይ ነው። ልቡ የቆመን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች መጫን ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን በቃል ይሉታል። የሚለማመዱት ግን ጭድ በተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ጆንያ 5 ሳንቲሜትር አያውቅም። አንዱ ልጅ እስከ ወለሉ ይደፈጥጠዋል፣ ሌላዋ እንደ ድመት ትዳብሰዋለች፣ ሁለቱም ልክ ይመስላቸዋል። ለዚህ የተሠራ ሰው መሰል መለማመጃ አለ። በትክክል ሲጫን ጠቅ ይላል፣ ሳይጫን ዝም ይላል። ሁለት እንፈልጋለን፤ አንድ የትልቅ ሰው፣ አንድ የሕፃን። ከወጪያችን ግማሹን የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

የቀረው ይህ ነው። ፋሻ፣ ጎዝና ጓንት፤ እነዚህ በልምምድ ያልቃሉ። በአማርኛና በሲዳሙ አፎ የምናባዛው የጥያቄዎች ደብተር፤ ትርጉሙን የሚሠራልን መምህር አግኝተናል፣ ወረቀቱና ፎቶኮፒው ግን የእኛ ነው። ለ10 ቅዳሜዎች ዳቦ በሻይ። የዳቦውን ነገር አትናቁብኝ። ከምሳ በፊት የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ከምሳ በኋላ የሚመጡም፣ ምሳ የሌላቸውም። ማን የቱ እንደሆነ አንጠይቅም። ዳቦው ለሁሉም ይቀርባል።

ደወል አንፈልግም። አምና "እኔ ቀድሜ እጄን አወጣሁ" በሚል ጭቅጭቅ ልንጣላ ደርሰን ነበር። ዘንድሮ አንድ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ከአሮጌ ባጃጆች አራት ክላክስ ፈትቶ ቁልፍ ገጠመላቸው። ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው። ለጎረቤቶቻችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጠቅላላ ወጪያችን 165,000 ብር ነው። ለመለማመጃዎቹ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አስመጥተን ዝቅተኛውን ይዘናል። እስካሁን ከወላጆች፣ ከእድራችንና ልጆቹ በዓል ላይ ቄጠማና አደይ አበባ ሸጠው ካስቀመጡት 47,200 ብር ተገኝቷል። የሚቀረው 117,800 ብር ነው። ደብዳቤ ያስገባንበት ቦታም አለ፤ "በጀት ሲለቀቅ" ተብለናል። እንጠብቃለን፣ ሚያዝያ ግን አይጠብቅም።

አንዲት አትክልት ሻጭ ጎረቤቴ፣ "ለጥያቄና መልስ ይሄ ሁሉ ብር? ዋንጫው የወርቅ ነው እንዴ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋንጫው ከአምናው የከፋ ካልሆነ ቆርቆሮ ነው። ልጆቹ ቢሸነፉም ግን መለማመጃዎቹ እዚሁ ይቀራሉ፤ የሚቀጥሉት ዓመታት ልጆች ይሠሩባቸዋል። የእድር አባላትና የባጃጅ ሾፌሮችም በወር አንድ እሑድ በነፃ እንዲለማመዱባቸው ተስማምተናል። ይህን ስነግራት "የእኔም ልጅ ይግባ" አለች። ገብቷል። 28ኛው እሱ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በክበቡ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው። የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ አንድ ከወላጆች፣ አንድ ከእድሩ፣ አንድ ከክበቡ። እኔ ፈራሚ አይደለሁም፤ ራሴ ነኝ እንዳልሆን የጠየቅሁት። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል። ወጪና ገቢው በየወሩ መጨረሻ ክበቡ በር ላይ ይለጠፋል። ከሐዋሳ ውጭ ያላችሁ፣ እዚህ ዘመድ ካላችሁ በእሱ በኩል ላኩ፤ ደረሰኙ በስማችሁ ይቆረጣል። 50 ብርም ብር ነው። አንዲት ፋሻም ብትሆን አንንቅም።

ብር የሌለው ሌላ ይዞ ይምጣ። ዳቦ ቤት ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ቻሉን። ፎቶኮፒ ቤት ያላችሁ ዋጋ ቀንሱልን። ነርስ ወይም ጤና መኮንን የሆናችሁ፣ አንዷ ነርሳችን ሲደክማት ተኳት። ልጃችሁ ክበቡ ውስጥ ካለ ደግሞ ማታ ማታ ጠይቁት። መልሱን ሲነግራችሁ "እስቲ አሳየኝ" በሉት።

ክፍላችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። የክላክሱን ድምፅ ተከትላችሁ ኑ። ያረጀ አንሶላ ካላችሁ አትጣሉት፤ ተቀዶ ክንድ ማንጠልጠያ ይሆነናል። አጥባችሁ ብቻ አምጡልን።