ሁሉንም በምግብ አታሳብቡ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

«የጡት ካንሰርን የሚከላከሉ ምግቦች» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ክፋት የለውም። ግን አንብባ የጨረሰች ሴት «የታመሙት አበላላቸውን ስላላወቁበት ነው» ብላ ብትደመድም አይፈረድባትም። እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው።

ነገሩ ገና ከልጅነት ይጀምራል። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ትምህርት ቤቶች የሴት ተማሪዎች ቁመትና ክብደት በየጊዜው እየተለካ ካርድ ላይ ይሰፍር ነበር። ተመራማሪዎች የ117,415 ልጆችን ካርድ ይዘው፣ ካደጉ በኋላ የጡት ካንሰር የያዛቸው የትኞቹ እንደሆኑ አጣሩ። ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሲወለዱ ከበድ ያሉት፣ ቶሎ የተመዘዙት፣ በ14 ዓመታቸው ረዘምና ቀጠን ያሉት ላይ አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ። አዎ፣ ቀጠን ያሉት! ውፍረት አደጋ የሚጨምረው ካረጡ በኋላ ነው። ያኔ ኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ሥራውን ስለሚያቆም፣ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመረተው ስብ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የወር አበባ የሚመጣበት ዕድሜም አለ። በአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በመጣ ቁጥር አደጋው 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በጉርምስና ጊዜ የጡት ህዋሳት በሆርሞን ግፊት በፍጥነት ይባዛሉ፤ በደንብ የሚበስሉት ደግሞ የመጀመሪያው እርግዝና እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ቦምብ ከተረፉት ሴቶች ውስጥ ጨረሩ ለጡት ካንሰር ይበልጥ ያጋለጠው በልጅነትና በአፍላ ዕድሜ ያገኛቸውን ነው።

ታዲያ የትኛዋ ሴት ናት የወር አበባዋን ቀን የመረጠችው? ቁመቷንስ? ልጆች እንዳይረዝሙ ምግብ እንቀንስባቸው የሚል ሰው እንዳይነሳ ደግሞ አደራ፤ በደንብ በልቶ ማደግ ጥቅሙ ብዙ ነው።

በእጃችን ያለውም ቢሆን ጽሑፋችሁ ከዘረዘራቸው ፍራፍሬዎች ይለያል። አልኮል፣ በትንሹም ቢሆን፣ አደጋውን ይጨምራል። ጽሑፋችሁ ግን አንድም ቦታ አላነሳውም። ጡት ማጥባት ይቀንሳል፤ በጠቅላላው ለ12 ወር ያጠባች ሴት አደጋዋ 4 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ምግብ ስትጽፉ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት፣ የምትበላው የቱንም ያህል ጤናማ ቢሆን፣ ሳትውል ሳታድር ትመርመር።

አንባቢያችሁ