ጅራት ይዞ ማውጣት ያላችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለመጥፋት ስለተቃረቡት መዶሻ ራስ ሻርክና ስቲንግሬይ ስለሚባለው ግዙፍ ጠፍጣፋ የወንዝ ዓሣ ያወጣችሁትን ንጽጽር አነበብን። ሻርኩ በዓለም አቀፉ የመጥፋት ስጋት መዝገብ ከስቲንግሬዩ በአንድ ደረጃ የከፋ አደጋ ላይ መሆኑን መዝለላችሁን እንለፈው። «ሁለቱንም ጅራታቸውን ይዞ ጀልባ ላይ ማውጣት፣ ፎቶ ማንሳትና መልቀቅ» የምትለዋን ምክር ግን ማለፍ አልቻልንም።

ለአንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ሦስት ተንታኝ ትጠራላችሁ፤ ለዚህ ወደ አንድ የዓሣ ባለሙያ መደወል ከበዳችሁ። ባሕር የሌለው አገር ስለ ሻርክ ምን ያውቃል ብላችሁ ይሆናል። ስንጥብ፣ ዓሣ የሚተነፍስበት አካል፣ ምን እንደሚሠራ እኮ የጣና ቆሮሶም ያስተምራል!

መዶሻ ራስ የሚተነፍሰው እየዋኘ ነው፤ ወደፊት ሲሄድ በአፉ የገባው ውኃ በስንጥቡ በኩል ያልፋል። መንጠቆ ሲይዘው ይታገላል፤ ትግሉ በረዘመ ቁጥር የደከመ ጡንቻ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ በደሙ ይከማቻል። ዋኝቶ ቢሄድ እንኳ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ትግሉን የሚያሳጥር ጠንካራ ገመድና ወደኋላ የሚይዝ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ያስፈልጋል። ሻርኩ ከውኃ አይወጣም። መንጠቆው ቶሎ አልወጣ ካለ ገመዱን እዚያው መንጠቆው ሥር ቆርጦ መልቀቅ ነው።

ስቲንግሬይ ሌላ ነው። ከዓይኖቹ ኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ውኃ ስቦ በሆዱ በኩል ባሉት ስንጥቦች ያስወጣል፤ ጭቃ ላይ ተኝቶም ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ካምቦዲያ ውስጥ ሜኮንግ ወንዝ ላይ የተያዘችው 300 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ከነጅራቷ 3.98 ሜትር። አመሻሽ ላይ ተይዛ በማግስቱ ምልክት ሰጪ መሣሪያ ተገጥሞላት በሕይወት ተለቀቀች። መዶሻ ራስ በመንጠቆ ያን ያህል ቢያድር የሚለቀቀው ሬሳው ነበር። እሷንም ቢሆን ጀልባ ላይ መጎተት አይገባም፤ ውኃ ሲሸከመው የኖረ ገላ አየር ላይ በራሱ ክብደት ሆድ ዕቃውን ይጫናል። ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ በቅድሚያ እሾሁን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ነው።

እሾህ? አዎ፣ ያዙት ባላችሁት ጅራት ላይ ያለው፣ ባለ መጋዝ ጥርሱና መርዛማው። የዚህ ዝርያ እሾህ እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ምክራችሁን የሚሞክር ባልደረባ ካላችሁ፣ እጁ ወይም እግሩ ሲወጋ ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቅ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከረው። ሙቀቱን ባልተወጋው እጁ አስቀድሞ ይለካ፤ ሕመሙ ቃጠሎውን ያስረሳል። ደረቱን ወይም ሆዱን ከወጋው ግን እሾሁን ሳይነቅሉ ሐኪም ቤት አድርሱት።